እናቴ የገባችባቸው በሮች

አባቴ ከሱዳን ሁለት በር አመጣ ብዬ ለኮኪት ልጆች ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፤ በር ነበር የሚመስሉት። ሰሊጥ ጭኖ ገዳሪፍ የሚመላለሰው ሱዳናዊው ሾፌር ኸሊፋ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከመኪናው ሲያወርዳቸው ቁመታቸው ከአባቴ ይበልጥ ነበር፤ ውፍረታቸው ግን የእኔን መዳፍ አያህልም። «በሽዌሽ! በሽዌሽ፣ ያ ባየልኝ!» እያለ ይጮሃል፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። የትራክተር መካኒኩ አባቴ፣ ሞተር በትከሻው የሚሸከመው ሰው፣ እነዚያን ቀጫጭን ነገሮች አራስ ልጅ እንደሚታቀፍ ታቅፎ አንድ በአንድ ወደ ቤት አስገባቸው።

ቤታችን አንድ በር ነበረው፤ ይበቃናልም ነበር። እኔ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፤ የማላውቀው ነገር ደግሞ አልነበረም። አባቴ በሮቹን ግድግዳ ላይ አልገጠማቸውም። ቤቱ መሃል፣ በመካከላቸው ባዶ አየር ትቶ አቆማቸው። ከመብራቱ ጋር አገናኛቸው፤ ትንሽ አጉረመረሙ። ከዚያ ካሴት ከተተና ቁልፉን ተጫነ። እናቴ በዚያ ባዶ አየር ውስጥ ቆማ መዝፈን ጀመረች።

አሰበች የምትባለው እናቴ እኮ እዚያው ነበረች። ወንበር ላይ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ አፏን ገጥማ ተቀምጣለች። የምትዘፍነው ሌላዋ ናት። ካሴቱ ከመታመሟ በፊት ሽንፋ ወንዝ ዳር በአንድ ሰርግ የተቀዳ መሆኑን አውቃለሁ፤ ካሴት ግን ከሬዲዮ ሲወጣ ካሴት ነው። ከሬዲዮ የሚወጣ ድምፅ እንዲህ ፊት ለፊት አይቆምም፤ ከንፈሩ የት እንዳለ በጣት አይጠቆምም። እኔ ግን የዘፋኟ ከንፈር ከአባቴ ደረት ትይዩ እንደነበር ዛሬም በጣቴ መጠቆም እችላለሁ።

በዚያ ክረምት እናቴ ታማ ጎንደር ሆስፒታል ብዙ ሳምንት ተኝታ ነበር። የሄደችው እናቴ ድምፅ የማያልቅባት ሴት ናት። ከመተማ እስከ ሳንጃ ሰርግ ያለው ሁሉ «አሰበችን ጥሩልን» ይላል፤ እሷ ታወጣለች፣ ሰው ይቀበላል። የተመለሰችው ግን ሌላ ሆነች። ፀጉሯ አጥሯል፣ ቀሚሷ ሰፍቷታል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኮርታለች። ከኋላዋ ሆኜ «እማየ» ስላት ዞር አትልም። ቀሚሷን ካልጎተቷት አቤት የለም። ከተማ የከረመች ሴት በመጀመሪያው ጥሪ አትመልስም ይሆናል ብዬ ተቀየምኳት። መዝፈኑንም ትታለች።

እንግዲህ ለእኔ ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነበር። ጎንደር ላይ ሰው ተለዋውጦብናል። ዘፋኟን እናቴን እዚያ አስቀርተው ኩሩዋን ልከውልናል። አባቴም ይህን አውቋል፤ በሮቹን ያመጣው ለዚህ ነው። ትክክለኛ ቦታቸውን ሲያገኙ እውነተኛዋ እናቴ በእነሱ ትገባለች።

አሁን የማውቀውን ያኔ የነገረኝ አልነበረም። ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ሊገድላት ደርሶ ነበር። ሕክምናው ሕይወቷን አትርፎ ጆሮዋን ጎዳው። ግራው ጨርሶ ጠፋ፤ ቀኙ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል፣ ቀጭኑን ይስታል፤ እሱም ቢሆን ቀን በቀን ይደክማል። አባቴ ገዳሪፍ ላይ ወደ አገሩ ሊመለስ ጓዙን የሚያስር የአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ጄኔሬተር ሊጠግን ገብቶ እነዚያን ድምፅ ማጉያዎች ሰማ። ሳጥን የላቸው፣ ማግኔት የላቸው፤ በሁለት ወንፊት ቆርቆሮ መካከል ከፌስታል የሳሳ ላስቲክ ተወጥሮ በኤሌክትሪክ ይርገበገባል፣ በቃ። ዘፋኝ ቃል ከማውጣቷ በፊት የምትስበው አየር እንኳ ይለያል። ይህን የሚያሰማ ዕቃ ለአሰበችም የሆነ ነገር ያሰማታል ብሎ የድካሙን ዋጋ በእነሱ ተቀበለ።

የቸኮለውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ጥር ላይ የእናቴ ታናሽ እህት ፍቅርአዲስ ልትዳር ነው። እናትና አባታቸው በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደገቻት እናቴ ናት። «ሰርጌን አንቺ ካላወጣሽው ዳሱም ይቅር» ብላታለች፤ እናቴም ገና ጤነኛ ሳለች ቃል ገብታላታለች። አንድ ቀን እናቴና አባቴ ጓዳ ሆነው ሲያወሩ ሰማኋቸው። አባቴ ምነው እንደዚያ ይጮሃል ብዬም ገርሞኝ ነበር።

«ዜማው ኸመሃል ቢጠፋብኝስ?» ትላለች እናቴ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«አይጠፋብሽም!»

«ለልጅቱ ግን እንዳትነግር። ሰርጓን በኔ ለቅሶ አታስጀምርብኝ።»

እኔም እሰይ አልኩ፤ ኩሩዋ ዘፈን እንደማትችል ራሷ አመነች።

የሰሊጡ አጨዳ ተጠናቆ ነዶው ማሳው ላይ ቆሞ የሚደርቅበት ጊዜ ነበር። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ግራሶውን ከእጁ ያስለቅቅና በሮቹን ማንቀሳቀስ ይጀምራል። ስንዝር ወደ ፊት። ግማሽ ስንዝር ወደ ጎን። በከሰል ወለሉ ላይ ያሰምራል፣ በእግሩ ያጠፋል። ድምፁ በጀርባቸውም ስለሚወጣ ከግድግዳ እየተመለሰ ቃሉን ያደበዝዘው ነበር፤ ስለዚህ የዓመት ማሽላችንን ጆንያ በጆንያ ከኋላቸው ደረደረው። አልጋው ወደ ጓዳ ተሰደደ፣ ምሳ ደጅ ዛፍ ስር ሆነ። ያለችን አንዲት ባለ መደገፊያ ወንበር የአባወራ ናት፤ እሷ ላይ እናቴን አስቀምጦ እሱ ግድግዳ ስር ቁጢጥ ይልና ፊቷን ያያል። እናቴ ስትሰማ እጇን ታነሳለች፣ ሲጠፋባት ታወርዳለች። «አሁንስ?» ይላታል በምልክት። ትንሽ ያዞረዋል። «አሁንስ?» ዳኛ አድርጓታል ማለት ነው ብዬ ገመትኩ። ለዚህች ኩሩ ዳኝነት ማን ሰጣት?

ከሰዓት በኋላ ቆላው ሲግል ውጭ ያለው ሁሉ ይርገበገባል፤ መንገዱ፣ የቆመው ትራክተር፣ ማዶ ያለው ነዶ። ውስጥ ደግሞ አየሩ በዜማ ይርገበገባል። እኔ በሆዴ ተኝቼ በበሮቹ መካከል አያለሁ። ዐይኔን ጨፈን ሳደርግ ትመጣለች፤ መጀመሪያ የቀሚሷ ጥለት፣ ከዚያ አንገቷ፣ ከዚያ እጇ ከከበሮው ላይ። ስገልጠው ትሄዳለች። በጀርባ በኩል ዞሬ እፈልጋታለሁ፤ እዚያም ትዘፍናለች። ማሽላው ላይ ተደግፌ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ በሕልሜም ትቀጥላለች። የትኛውን ነቅቼ፣ የትኛውን ተኝቼ እንደሰማሁት እስካሁን መለየት አልችልም። ከሕይወቴ ሁሉ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም፤ እውነቱ ይህ ነው።

አንድ ችግር ነበር፤ ትንኝ። ወደ ማታ ሲሆን ትንኝና የእሳት እራት በሮቹ ላይ እያረፈ፣ ኤሌክትሪኩ ጧ! አድርጎ ይጥለዋል። ጧ ባለ ቁጥር አባቴ ይሳቀቃል፤ ያ ስስ ላስቲክ ይበሳብኛል ብሎ። በመጨረሻ የአልጋችንን አጎበር አውልቆ ለበሮቹ ሰቀለላቸው። ጎረቤታችን እትየ ባየሽ ገብታ ይህን ስታይ አማተበች።

«ኧረ በስመ አብ! ሰው ልጁን ያለ አጎበር ያስተኛል፣ ባየልኝ ለሬዲዮ አጎበር ይሰቅላል!»

ከዚያ ወለሉ ላይ የረገፈውን ትንኝ አየች። ጎንበስ አለች፣ በጣቷ ነካካች፣ ወጣች። በማግስቱ አመሻሽ የልጅ ልጇን አዝላ መጣችና በሮቹ አጠገብ አነጠፈችለት። «ይኸ የወባ ገዳይ ነው እንጂ ሬዲዮ መች ሆነና!» አለች። ወሬው እንዴት እንደሮጠ እንጃ፤ ሳምንት ሳይሞላ ቤታችን በሕፃናት ተሞላ። አባቴ ዕቃው ለምን እንደመጣ ቢናገር ምሥጢሩ ሊወጣ ነው፤ ውጡ ቢል ደግሞ የሰው ልጅ በወባ ይሙት ማለት ነው። ቦታ ለቀቀላቸው። የሰፈሩ ሕፃናት ነጩ አጎበር ሲወዛወዝ እያዩ፣ ዘፋኟን እናቴን እየሰሙ ይተኙ ጀመር። እናቴም ከወንበሯ ሆና የተኙትን ታያለች። እያዘነች ይሁን እየተደሰተች አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ሁለቱንም ይመስለኛል።

ሰርጉ ሲቃረብ ሰሎሞን መጣ። ጎንደር ውስጥ ለሰርግ ሞንታርቦ የሚያከራይ፣ ዕቃውንም ራሱ የሚጠግን ወጣት ነው። ዳሱን ሊያይ ብሎ ገብቶ በሮቹን ሲያይ ቆቡን አወለቀ።

«ጋሽ ባየልኝ! ይሄን ዕቃ ኸየት አገኙት? እኔ በሥዕል ብቻ ነው የማውቀው።» አጎበሩን ገለጠ፣ ጆንያዎቹን አየ፣ ሳቀም። «ማሽላው ጥሩ ሐሳብ ነው። አቀማመጡ ግን ተዛብቷል። አንዱ ቀርቧል፣ አንዱ ርቋል። ቀጭኑንም ድምፅ ኸመጠን በላይ ከፍተውታል፤ ጆሮ ይበሳል እኮ!»

ፍቅርአዲስ አጠገባቸው ቆማለች። አባቴ እሷን አየ፣ እናቴን አየ። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለ።

ሰሎሞን ሜትር አውጥቶ ለካ። ሁለቱን በሮች እኩል አራራቃቸው፣ እኩል አዞራቸው፣ ቁልፎቹን ወደ መሃል መለሰ። እናቴን መሃል አስቀመጠና ካሴቱን ከፈተው። እመብርሃንን፣ ዐይኔን ሳልጨፍን አየኋት! ዘፋኟ ወለሉ ላይ በእግሯ ቆማለች። ፍቅርአዲስ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ እንባዋ ወረደ። እትየ ባየሽ እልል አለች። አንድ እርምጃ ቀርቷታል፣ ልትገባ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ይሄኔ እናቴ ቀና ብላ ሰሎሞንን «ጀመረ እንዴ?» አለችው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ድሮም በተረብ ማንም አይችላትም ነበርና ሁሉም ሰሎሞንን መተረቧ መሰላቸው። ከሁሉ አብዝቼ የሳቅኩት እኔ ነኝ፤ ኩሩዋ የቀድሞዋን ቀልድ ከየት ተማረችው ብዬ። እናቴ ስንስቅ አይታ እሷም ሳቀች። ያልሳቀው አባቴ ብቻ ነበር። ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ትራክተሩ አጠገብ ፊቱን አዙሮ ቆመ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ በሮቹን ወደ ድሮው ጠማማ ቦታቸው መለሳቸው። ዘፋኟ ከመሃል ተነስታ ወደ ቀኝ ጥግ ተሰደደች፣ ድምፅዋም እንደ ፉጨት ቀጠነ። ልትገባ ስትል በሩን በላይዋ ላይ የዘጋባት እሱ ነው! እራት አልበላም አልኩ። አባቴም አልለመነኝ፤ እሱም አልበላም።

በማግስቱ ጠዋት ሰሎሞን የረሳውን ሜትር ሊወስድ ሲመለስ በሮቹን አየ። ምን አጠፋሁ ብሎ አባቴን ጠየቀው። አባቴ ክንዱን ይዞ ወደ ደጅ አወጣው፤ እኔ ያየሁት አባቴ ሲያወራ፣ ሰሎሞን ደግሞ ጭንቅላቱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ ሲል ብቻ ነው። ሲገባ ዐይኑ ቀልቷል። በቀጥታ ወደ ጓዳ ሄደና ለፍራሽ ከተቀመጠው ጥጥ ላይ ቦጨቀ። ግራ ጆሮውን ጠቀጠቀው። ቀኙንም በስሱ ደፈነው። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ።

«ጆሮህን አመመህ? ጤና አዳም ላምጣልህ?» አልኩት።

አልሰማኝም። ኩራት ይጋባል ማለት ነው ብዬ ተውኩት።

ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሆኖ ዋለ። አባቴ ያንቀሳቅሳል፣ እሱ በእጁ ይመራል። በመጨረሻ ሰሎሞን ግራውን በር ጭራሽ አነሳው፤ ሁለቱንም በወንበሩ ቀኝ በኩል፣ እንደ ግቢ በር ጎን ለጎን፣ በጣም አቅርቦ አቆማቸው። መብራት ሲደክም ድምፁ እንዳይተኛ የራሱን ስታብላይዘር ከመኪናው አውርዶ ገጠመላቸው። ጥጡን አወጣ፣ እናቴን እጇን ይዞ አስቀመጣት። ለሰው ሁሉ አስቀያሚ ነው፤ ለአንዲት ሴት ግን ልክ ነው። ይህን ያሰብኩት ዛሬ ነው። ያኔ ያሰብኩት፣ እንዲህ ተጠጋግተው ከተገጠሙማ በእርግጥ በር ሆኑ ብዬ ነው።

ካሴቱ ዞረ። የእናቴ እጅ ከጭኗ ተነሳ፤ አልወረደም። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የሆነ ጉርምርምታ ከአፏ ወጣ፣ ከካሴቱ ጋር ተጋጨ፣ ተሰበረ። አባቴ ወደ ኋላ መለሰላት። እንደገና ተሰበረ። በነጋታውም፣ ከዚያ በኋላም እንደዚሁ። እኔ ከማሽላው ስር ሆኜ እያንዳንዱን ስንኝ፣ እያንዳንዱን እረፍት ሳላውቀው ሸመደድኩት። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ድምፆች ተገናኙ። የበሮቹና የወንበሩ አንድ ላይ ሆኑ፤ የትኛው የየትኛዋ እንደሆነ ጠፋኝ። ዘልዬ ተነሳሁና አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። «እማየ ገባሽ!» አልኳት። እሷ አልሰማችኝም፤ ግን አቀፈችኝ፣ ሽታዋም የእናቴ ነበር። በዚያ ቅጽበት ኩሩዋን ሁሉ ይቅር አልኳት።

ቀሪው ችግር ሰርጉ ነበር። አባቴ በሮቹን ዳስ ውስጥ እናቁም ሲል ሰሎሞን ራሱን ነቀነቀ። «አቧራው ሳይውል ሳያድር ይገድላቸዋል። ነፋሱም ድምፁን ይዞት ይሄዳል። ምን እናርጋለን ጋሼ፣ እዚህ ቤት ብቻ ነው የሚሆኑት።»

እኔ ደግሞ ከማሽላው ላይ ሆኜ እየዘፈንኩ ነበር። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«የትናየት፣» አለኝ አባቴ በስሜ ጠርቶ፣ «ካሴቱን ኸጫፍ እስከ ጫፍ ታውቂዋለሽ?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው በሰርጉ ቀን ኸእናትሽ ቀኝ ትቆሚያለሽ። ኸጆሮዋ ሥር። እሷ ኸማውጣቷ በፊት አንቺ ታወጪላታለሽ። ሌላ ቦታ እንዳትሄጅ።»

በድምፄ ማማር ተመረጥኩ ብዬ በኩራት ልፈነዳ ነበር።

የሰርጉ ቀን ዳሱ ሞላ፤ ከሽንፋ የመጣው፣ ከሳንጃ የመጣው፣ ሰሊጥ አጨዳ ወርደው ያልተመለሱ የጎጃምና የወሎ ልጆች ሳይቀሩ። ሙሽሪት ልትወጣ ነው። እናቴ ከበሮውን አንገቷ ላይ አደረገች። መታችው፤ ምቱ እንደ ድሮው ነው። እኔ በቀኟ ቆሜ ሰው እያየሁ፣ ቀሚሴን እያሳየሁ ነበር። እናቴ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ዜማ ግን ሌላ ዜማ ነው፣ ዜማም አይደለም። ተቀባዮቹ ተያዩ። አንዷ ኮረዳ ሳቋን ዋጠች። ፍቅርአዲስ ከመጋረጃው ብቅ አለችና ግራ ገብቷት ቆመች። እናቴ የሰዉን ፊት አየች፤ ፊቷ አመድ ሆነ፤ ከበሮው ላይ ያለው እጇ ቀረ።

ረሳችው! አልኩ በልቤ። አፈርኩላት፣ አሳዘነችኝም። ቀሚሷን ጎትቼ ጎንበስ አደረግኋትና በሙሉ ጉልበቴ ጆሮዋ ውስጥ ለቀቅኩት፤

*ሽንፋ ቢሞላብሽ፣ ድልድይ ብታጪ፣*
*ድምፄን ተከትለሽ ወደ ማዶ ውጪ።*

ዐይኗን ጨፈነች። ከበሮው ተመለሰ። ከዚያ ያ ድምፅ፣ የሰርግ ሁሉ ድምፅ፣ ከደረቷ ወጣ፤ ልክ ቦታውን ይዞ። ዳሱ ተቀበለ። እኔ በጆሮዋ እሰጣታለሁ፣ እሷ ለሰዉ ትሰጣለች። አመሻሹ ላይ ፍቅርአዲስ እያለቀሰች፣ ሳትጠረጥር፣ በእህቷ ዘፈን ከቤት ወጣች። ሰው ሁሉ «ልጅቱ የእናቷን ድምፅ ወረሰች» አለኝ። እኔም አመንኩ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ትምህርት ቤት የዘፈን ቡድን ለምን እንደማይቀበለኝ ሳይገባኝ ኖርኩ።

የእናቴ ቀኝ ጆሮ ከሰርጉ በኋላ በመጣው ክረምት ጨርሶ ሄደ። አሁን ጎንደር አብራኝ ትኖራለች፤ የምናወራው እኔ በስልኬ እየጻፍኩላት፣ እሷ በአፏ እየመለሰች ነው። ባለፈው ፋሲካ ይህን ሁሉ ጠየቅኳት። በሰርጉ ቀን ምን ሰማሽ ብዬ ጻፍኩላት። 

«ከበሮውን በሆዴ ሰማሁት» አለችኝ። «እልልታውን አላገኘሁትም። አንቺን ግን ሰማሁሽ። ኸዚያ ወዲህ የሰው ዘፈን ሰምቸ አላውቅም፤ የመጨረሻው ያንቺ ነው።»

እንባዬን ጠርጌ፣ እኔ እኮ ለድምፄ ማማር የተመረጥኩ መስሎኝ ነበር ብዬ ጻፍኩ። አንብባ በሳቅ ፈነዳች፤ ድምፅዋ ጎረቤት ድረስ እንደሚሰማ አታውቅም። ጉንጬን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ያንቺ ድምፅ? ያንቺማ የአባትሽ ትራክተር ነበር፣ ልጀ» አለችኝ። «እንደዚያ ባይሆን መች እሰማሽ ነበር።»